ፋይልዚላ ይገባል፣ የፎልደሩን ዝርዝር ግን አያመጣም

ናቲ_ድረገጽ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የአንድ መረዳጃ ማኅበር ድረ-ገጽ ወደ ሰርቨር እየጫንኩ ነው። ሆስቲንጉ ሲፓነል የሚባል መቆጣጠሪያ ያለው ሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ድረ-ገጾች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት) ነው፤ ሰርቨሩ ጀርመን ነው የሚገኘው። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በዊንዶውስ 10 ላይ ፋይልዚላን (ፋይል ወደ ሰርቨር የሚልክ ፕሮግራም) እጠቀማለሁ። ፋይሎቹ ወደ 2,400 ይጠጋሉ፣ በድምሩ 380 ሜጋባይት። አብዛኞቹ ፎቶና ፒዲኤፍ ናቸው፤ የቀሩት ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጥቂት ፒኤችፒ።

አንደኛው ችግር ይህ ነው። በቢሮ ኢንተርኔት ስሞክር የይለፍ ቃሉን ይቀበላል። ሎጉ (የምልልሱ መዝገብ) ላይ ከሰርቨሩ የመልስ ቁጥሮች 220፣ ቀጥሎ ቲኤልኤስ (ምልልሱን የሚመሰጥረው ስልት) መገናኘቱን የሚገልጽ መስመር፣ ከዚያ 331 እና 230 በየተራ ይመጣሉ። ቀጥሎ 227 ብሎ ፓሲቭ ሞድ መግባቱን ይናገርና በቅንፍ ስድስት ቁጥሮች ያወጣል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 195 እና 80 ናቸው። ከዚህ በኋላ 20 ሰከንድ ያህል ዝም ይልና ጊዜው እንዳለፈበት፣ የፎልደሩን ዝርዝር ማምጣት እንዳልቻለ በቀይ ይጽፋል። ያንኑ ላፕቶፕ በስልክ ሆትስፖት ሳገናኘው ግን ያለ ችግር ይከፍታል።

ሁለተኛው፣ በሆትስፖት የጫንኳቸው ፋይሎች በቀኝ በኩል ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዶሜይኑን በብራውዘር ስከፍት ግን አሁንም የሚመጣው ሆስቲንጉ ያስቀመጠው «በቅርቡ ይጠብቁን» የሚለው ገጽ ነው። የገባሁት ሲፓነል ውስጥ ለዚሁ ብዬ በፈጠርኩት የኤፍቲፒ (የፋይል ማስተላለፊያ ስልት) አካውንት ነው። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ወይስ የተለያዩ ናቸው?


ሰርቨር_ጠባቂ፦

አይገናኙም። ሁለተኛውን ለሌሎች ልተውና ስለ መጀመሪያው ልንገርህ። ሎጉን በዝርዝር ማስቀመጥህ ጥሩ ነው፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

230 ካየህ ስምህም የይለፍ ቃልህም ትክክል ናቸው። ቢሳሳቱ ኖሮ 530 ነበር የሚመልስልህ። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ደጋግመህ አትቀያይር። በተለይ 530 እያየህ ደጋግመህ ከሞከርክ የሰርቨሩ ጥበቃ የአንተን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ያግድና ችግሩ ሁለት ይሆንብሃል።

ኤፍቲፒ የሚሠራው በሁለት መስመር ነው። አንዱ ትእዛዝ የሚሄድበት ፖርት 21 ነው (ፖርት ማለት በቁጥር የሚለይ የኔትወርክ በር ነው)። በሌላው የሚያልፉት ፋይሉ ራሱና የፎልደሩ ዝርዝር ናቸው፤ ይሄኛው ለእያንዳንዱ ፋይልና ለእያንዳንዱ ዝርዝር እንደ አዲስ ይከፈታል። በፓሲቭ ሞድ ሰርቨሩ በ227 መልሱ «በዚህ አይፒ፣ በዚህ ፖርት ና» ይልሃል። ከስድስቱ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ አራቱ አይፒው ናቸው። አምስተኛውን በ256 አባዝተህ ስድስተኛውን ስትደምርበት ፖርቱ ይወጣል፦ 195 በ256 ሲባዛ 49,920፤ 80 ሲደመርበት 50,000። ፋይልዚላ ወደ ፖርት 50000 ሊሄድ ሞክሮ መንገድ ላይ ተዘግቶበታል ማለት ነው። 20 ሰከንዱ የፋይልዚላ የራሱ የመጠበቂያ ጊዜ ነው፤ ከፍ ብታደርገው የምታገኘው ረዘም ያለ ዝምታ ብቻ ነው።

በሆትስፖት ስለሠራ ሰርቨሩም የአንተ ላፕቶፕም ደህና ናቸው። የሚዘጋው የቢሮው ፋየርዎል ነው። ብዙ የቢሮ ፋየርዎሎች ወደ ውጭ የሚፈቅዱት ጥቂት ፖርቶችን ብቻ ነው። ኤፍቲፒን የሚያሳልፉት በፖርት 21 የሚሄደውን ምልልስ እያነበቡ ነው፤ 227 ሲመጣ የተጠራውን ፖርት ለዚያች ቅጽበት ይከፍቱታል። አንተ የገባኸው በቲኤልኤስ ስለሆነ ግን ምልልሱ ተመስጥሯል። ፋየርዎሉ የትኛው ፖርት እንደተጠራ ማየት አይችልም፤ ስላላየም አይከፍትም።

የቢሮውን ኔትወርክ የሚያስተዳድር ሰው ካለ እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ ወደዚህ ሰርቨር አይፒ ብቻ፣ በቲሲፒ፣ ከ49152 እስከ 65534 ወደ ውጭ ክፈትልኝ። ሲፓነል ባለበት ሰርቨር ፓሲቭ የሚጠቀምባቸው ፖርቶች ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው፤ ያንተው ሆስቲንግ ለውጧቸው ከሆነ ድጋፍ ክፍሉ ይነግርሃል። ሁሉንም ፖርት ለሁሉም አይፒ ይክፈት ብለህ ከጠየቅክ ግን እምቢ ይልሃል፤ እውነቱንም ነው።

አክቲቭ ሞድ ሞክር የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። በአክቲቭ ሰርቨሩ ነው ወደ አንተ ኮምፒውተር የሚመጣው። አንተ ከራውተር ጀርባ ስለሆንክ ያ ከዚህም የባሰ ዝግ ነው።


ሀበሻ_ኮደር፦

ይህን ሁሉ ምን አስፈለገ? ሳይት ማናጀር ግባና ኤንክሪፕሽን ከሚለው ላይ ፕሌይን ኤፍቲፒ ብቻ የሚለውን ምረጥ። ወዲያው ይከፈታል።


ሰርቨር_ጠባቂ፦

@ሀበሻ_ኮደር ይከፈት ይሆናል፤ ምክንያቱም ፋየርዎሉ አሁን ምልልሱን ማንበብ ይችላል። ችግሩ ፋየርዎሉ ያነበበውን መንገድ ላይ ያለ ሌላ ሰውም ያነበዋል። በተራ ኤፍቲፒ የተጠቃሚ ስሙም የይለፍ ቃሉም ሳይሸፈኑ እንዳሉ ነው የሚያልፉት፤ የካፌ ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው ሊለቅማቸው ይችላል። የሲፓነሉ ዋና የይለፍ ቃል ከሆነ ደግሞ ኢሜይሉንም ዳታቤዙንም አብሮ ይከፍታል። የማኅበሩ አባላት ስምና ስልክ እዚያ ሊኖር ይችላል። እባካችሁ ይህን ምክር ለጠያቂ አትስጡ።

ናቲ፣ የተሻለው መንገድ ኤስኤፍቲፒ ነው። ስሙ ይመሳሰል እንጂ ከኤፍቲፒ ጋር ዝምድና የለውም፤ በኤስኤስኤች (ከሰርቨር ጋር በምስጢር የመገናኛ ስልት) ውስጥ የሚሄድ ነው። ትእዛዙም ፋይሉም በአንድ መስመር፣ በፖርት 22 ያልፋሉ፤ 227 የሚባል ነገር የለም፣ ተጨማሪ ፖርትም አይጠራም። ቢሮው ፖርት 22ን ከፈቀደ ጉዳዩ አለቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮንትሮልና ኤስን ተጫን፤ ሳይት ማናጀር ይከፈታል። ኒው ሳይት በል። ፕሮቶኮል ላይ ኤስኤፍቲፒን ምረጥ። ሆስት ላይ ሆስቲንጉ በኢሜይል የላከልህን የሰርቨር ስም ወይም አይፒውን ጻፍ። ዶሜይንህ በክላውድፍሌር (በጎብኚውና በሰርቨሩ መካከል የሚቆም አገልግሎት) በኩል የሚያልፍ ከሆነ የዶሜይኑን ስም ብትጽፍ አትደርስም፤ ክላውድፍሌር የሚያሳልፈው የድረ-ገጽ ትራፊክ ነው እንጂ ፖርት 21ንም 22ንም አይደለም። ፖርቱን ባዶ ብትተወው ራሱ 22 ይወስዳል፤ አንዳንድ ሆስቲንግ ግን ኤስኤስኤችን በሌላ ፖርት ስለሚያስቀምጥ ጠይቅ። ሎግኦን ታይፕ ላይ አስክ ፎር ፓስወርድ የሚለውን ምረጥ። ኖርማልን መርጠህ ካስቀመጥከውና ማስተር ፓስወርድ ካላበጀህለት የይለፍ ቃሉ ኮምፒውተርህ ላይ ሳይመሰጠር ይቀመጣል። ይለፍ ቃል የሚሰርቁ ቫይረሶች መጀመሪያ ከሚፈልጓቸው ፋይሎች አንዱ እሱ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ሲፓነል ውስጥ ለብቻ የተፈጠሩ የኤፍቲፒ አካውንቶች በኤስኤፍቲፒ አይገቡም። የሚገባው የሲፓነሉ ዋና ተጠቃሚ ነው፤ እሱም ኤስኤስኤች ከተከፈተለት። ካልተከፈተ ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍላቸው። በመጀመሪያው ግንኙነት የሰርቨሩን ቁልፍ አላውቀውም ብሎ ይጠይቅሃል፤ አሻራውን ሆስቲንጉ ከሰጠህ ጋር አመሳክረህ ተቀበል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቁልፉ ተቀይሯል ካለህ ግን ሳትጠይቅ እሺ አትበል።


ብራና፦

ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ ልግባ። ሲፓነል ውስጥ የኤፍቲፒ አካውንት ስትፈጥር ዳይሬክተሪ የሚለውን ሳጥን እሱ ራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም በአካውንቱ ስም የተሰየመ አዲስ ንኡስ ፎልደር ነው። ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። በዚያ አካውንት ስትገባ ፋይልዚላ በቀኝ በኩል አንድ እዝባር ብቻ ያሳይሃል፤ የሰርቨሩ ሥር ላይ ያለህ ይመስልሃል። በእውነቱ ግን አንድ ፎልደር ውስጥ ተቆልፈሃል፤ ከሱ በላይ ማየት አትችልም። ብራውዘሩ የሚያነበው ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የሚባለውን ፎልደር ነው፤ የአንተ ፋይሎች ከሱ በታች በሌላ ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል።

እንደገና መጫን አያስፈልግህም። ሲፓነል ግባ፤ ፋይል ማናጀርን ክፈት፤ ፋይሎችህ ያሉበትን ፎልደር አግኝ፤ ሁሉንም ምረጥና ሙቭ ብለህ ወደ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል አዛውራቸው። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ በቅጽበት ያልቃል። ከዚያ የኤፍቲፒ አካውንቱን አጥፍተህ ዳይሬክተሪው ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የሆነ ሌላ ፍጠር። ስታጠፋው ግን ተጠንቀቅ፦ አካውንቱን ብቻ ላጥፋ ወይስ ፎልደሩንም ጭምር ብሎ ይጠይቃል። ፎልደሩን አትንካው።

አሮጌው «በቅርቡ ይጠብቁን» ገጽ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ካለ ስሙን ቀይረው። የአንተ መነሻ ገጽ በፒኤችፒ፣ የሱ በኤችቲኤምኤል ከሆነ ሁለቱም ኢንዴክስ ተብለው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው የሰርቨሩ ቅንብር ስለሆነ ለዕድል አትተወው። ኢንዴክስ የሚለው ስም ሁሉም በትንንሽ ፊደል ይሁን። ከዚያ ኮንትሮልና ኤፍ5 ተጭነህ እይ፤ ብራውዘሩ የድሮውን ገጽ ከራሱ ማኅደር እያወጣ ሊያታልልህ ይችላል።

በኤስኤፍቲፒ በዋናው ተጠቃሚ ስትገባ ደግሞ የምታርፈው ከፐብሊክ ኤችቲኤምኤል አንድ ደረጃ ከፍ ብለህ ነው። ሜይል፣ ኢቲሲ፣ ሎግስ፣ ኤስኤስኤል የሚባሉ ፎልደሮች ታያለህ። አትንካቸው። ሜይል የሚባለው ውስጥ ያለው የማኅበሩ ደብዳቤ ነው።


ናቲ_ድረገጽ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የተባለውን ሁሉ አደረግኩ፤ ፋይሎቹን አዛውሬ ድረ-ገጹ ተከፈተ፣ ኤስኤስኤችም ተከፈተልኝና በቢሮ ኢንተርኔት በኤስኤፍቲፒ እየገባሁ ነው። አሁን የቀሩት እነዚህ ናቸው፦

አንዳንድ ፎቶዎች ኮምፒውተሬ ላይ ሲታዩ ሰርቨሩ ላይ አይታዩም። በአማርኛ ከሰየምኳቸው ፒዲኤፎች ግማሾቹ 404 (አልተገኘም) ይላሉ። አንድ ገጽ ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል፤ ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ የማይነበብ የላቲን ፊደል። የቀሩት 1,900 ያህል ፋይሎችም በጣም እየዘገዩ ነው፤ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ከየት እንደምቀጥል ግራ ይገባኛል።


ብራና፦

ፎቶዎቹ ላይ ብዙ አትድከም። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። ካሜራው ቅጥያውን በትልልቅ ፊደል ጄፒጂ ብሎ ጽፎታል፤ ገጽህ ውስጥ በትንንሹ ተጠርቷል። ላፕቶፕህ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ሰርቨሩ ላይ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች። ሁሉንም ወደ ትንንሽ ፊደል ቀይር፤ በስም ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታም በሰረዝ ተካው።

የአማርኛ ስሞቹ ጉዳይ ሰፋ ይላል። የመጀመሪያው የሆሄያቱ ነገር ነው። ፋይሉን «ዓመታዊ ሪፖርት» ብለህ በዐይኑ ዓ ሰይመህ ገጹ ውስጥ በአልፋው አ «አመታዊ» ብለህ ከጠራኸው ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለሰርቨሩ ግን ሌላ ፋይል ነው። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በጸ እና ፀ የሚመጣውም ያው ነው። ግማሾቹ ሠርተው ግማሾቹ 404 ማለታቸው ወደዚህ ነው የሚያመለክተኝ። ፋይልዚላ ላይ በቀኝ በኩል ያለውን ስም ኤፍ2 ተጭነህ ኮፒ አድርግና ገጹ ውስጥ ካለው ጋር አስተያየው። በዐይን ብቻ አትመን፤ ለምሳሌ በሁለት ቃላት መካከል የገባው ሁለት ባዶ ቦታ ይሁን አንድ በዐይን አይታይም።

ሁለተኛው የስሙ አጻጻፍ በሰርቨሩ ላይ ነው። በቀኝ በኩል የአማርኛው ስም ተበላሽቶ የሚታይ ከሆነ ሳይት ማናጀር ውስጥ ቻርሴት (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ስልት) የሚለው ታብ ላይ ፎርስ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጥ፤ ዩቲኤፍ 8 አማርኛንም የሚይዘው ስልት ነው፤ ከዚያ የተበላሹትን አጥፍተህ እንደገና ጫን። ስሙ አንዴ ተበላሽቶ ከተቀመጠ ቅንብሩን መለወጥ ብቻ አያስተካክለውም።

ሦስተኛው ርዝመት ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም አብዛኛውን ጊዜ ከ255 ባይት አይበልጥም፤ ይህ ቅጥያውን ጨምሮ 85 ፊደል እንኳ አይሞላም። ለላቲን ሰፊ የሆነው ለእኛ ጠባብ ነው። በድረ-ገጽ አድራሻ ላይ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ተተርጉሞ 9 ምልክት ይሆናል። 20 ፊደል ያለው ስም 180 ምልክት ሆኖ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ፋይሉን በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ በቁጥርና በሰረዝ ሰይመው፤ ለአንባቢው የሚታየውን ማስፈንጠሪያ ግን በሙሉ አማርኛ ጻፈው። አንባቢው የሚያየው ያንን ነው፤ የፋይሉን ስም ማንም አያነበውም።

አሁን ወደ ተበላሸው ጽሑፍ። ሁለቱ ገጾችህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ላቲን የሚመስለው ገጽ ደህና ነው፤ ጽሑፉ አልጠፋም። ልብ ብለህ እየው፦ ላዩ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ ኤ በየሦስት ምልክቱ ትመላለሳለች። የአማርኛ ፊደላት ሁሉ በዩቲኤፍ 8 የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ባይት ነው፤ ያ ባይት በላቲን ሲነበብ ያቺን ኤ ይሰጣል። ባይቶቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፤ ብራውዘሩ ነው በተሳሳተ መንገድ የሚያነባቸው። የገጹ ሄድ ውስጥ፣ ከርእሱ በፊት፣ ቻርሴቱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚገልጸውን የሜታ መስመር ጨምር። ካለና አሁንም ካልተስተካከለ ሰርቨሩ በሄደሩ (ከገጹ አስቀድሞ በሚልከው መረጃ) ሌላ ቻርሴት እየላከ ነው፤ የሰርቨሩ ሄደር ደግሞ ከገጹ ሜታ ይቀድማል። ዶት ኤችቲአክሰስ የሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ነባሪውን ቻርሴት ወደ ዩቲኤፍ 8 ለውጥ። ፋይሉ ካልታየህ ፋይልዚላ ላይ ሰርቨር ከሚለው ሜኑ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ በል።

የጥያቄ ምልክቱ ገጽ ግን ሌላ ነው። እዚያ ባይቶቹ ራሳቸው ተተክተዋል፤ ፊደሉ የለም። ኖትፓድ ላይ ኤንሲ (ANSI) በሚለው ምርጫ ስታስቀምጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ በዚያ አቀማመጥ ለግእዝ ፊደል ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ይህ የኤፍቲፒው ጥፋት አይደለም፤ መቶ ጊዜ ደግመህ ብትጭነውም አይመለስም። ኮምፒውተርህ ላይ ያለውን ፋይል ክፈተው፤ እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ጽሑፉን ከዋናው ሰነድ፣ ለምሳሌ ከዎርዱ፣ እንደገና ልታመጣው ግድ ነው። ከዚያ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ዩቲኤፍ 8 ብለህ አስቀምጥ። ቦም ያለበትን አትምረጥ። ቦም በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚገባ የማይታይ 3 ባይት ነው፤ የፒኤችፒ ፋይል ላይ ሲሆን ገጹ ገና ሳይጀምር የሆነ ነገር ስለሚልክ ሄደር ተልኳል የሚል ስህተት ያመጣል፤ ሎግኢንም ሴሽንም ይበላሻሉ።


ጣና_ዳር፦

ስለ ዝግመቱ። ያቆየህ የፋይሎቹ ብዛት ነው፤ ሜጋባይቱ የዚህን ያህል አያስጨንቅም። በቲኤልኤስ ኤፍቲፒ ለእያንዳንዱ ፋይል ፖርት መጠየቅ፣ መስመር መክፈት፣ ምስጢሩን መስማማት፣ ፋይሉን ማሳወቅ፣ ማለቁን መቀበል አለ፤ ስድስት ያህል ደርሶ መልስ ነው። አንዱ ደርሶ መልስ 150 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ለአንድ ፋይል 0.9 ሰከንድ፣ ለ2,400 ፋይል 36 ደቂቃ ይሆናል። ይህ አንድም የፎቶ ባይት ሳይቆጠር የመጠባበቂያ ጊዜ ብቻ ነው። ኤስኤፍቲፒ ላይ ቀነስ ይላል፣ ግን አይጠፋም። በአንድ ጊዜ የሚጫኑትን ፋይሎች ከ2 ወደ 10 ማሳደግ የሚረዳው እስከ ልኩ ነው፤ በኤፍቲፒ 421 ከመለሰልህ ሰርቨሩ በዛብኝ እያለህ ነውና ወደ 3 መልሰው።

ዚፕ አድርገህ ላከው። በሰቨን ዚፕ ሁሉንም በአንድ ፋይል አሽገው፤ ብራና ያለውን ስም የመቀየር ሥራ ግን ከማሸግህ በፊት ጨርስ። የአማርኛ ስም ዚፕ ውስጥ ገብቶ ሊኑክስ ላይ ሲፈታ እንደገና ሊበላሽ ይችላል። ፎቶና ፒዲኤፍ ቀድሞውኑ የተጨመቁ ስለሆኑ መጠኑ ብዙ አይቀንስም፤ የምትቆጥበው ደርሶ መልሱን ነው። መጠኑን መቀነስ ከፈለግክ ፎቶዎቹን ራሳቸውን አሳንስ። ከካሜራ የወጣ 6 ሜጋባይት ፎቶ ስፋቱ 1,600 ፒክሰል ሲደረግ ከአንድ ሜጋባይት በታች ይወርዳል። ገጹን በሞባይል ዳታ ለሚከፍተው አባልም ዕረፍት ነው፤ ካርዱን የሚከፍለው እሱ ነው።

ዚፑን ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ውስጥ አታስቀምጠው። አንድ ደረጃ ከፍ ብለህ ጫነው። ፐብሊክ ውስጥ ከሆነ ስሙን የገመተ ሰው ሁሉ ያወርደዋል፤ ውስጡ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ያለበት የፒኤችፒ ፋይል ካለ አብሮ ሄደ። ከላይ ካስቀመጥከው በኋላ በሲፓነል ፋይል ማናጀር ራይት ክሊክ አድርገህ ኤክስትራክት በልና መድረሻውን ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል አድርግ። ስታሽገው ዋናውን ፎልደር ሳይሆን ውስጡ ያሉትን መርጠህ አሽግ፤ አለበለዚያ ፎልደር ውስጥ ፎልደር ይሆንና ወደ መጀመሪያው ችግርህ ትመለሳለህ። ሲፈታ ዚፑም የተፈቱት ፋይሎችም አብረው ቦታ ስለሚይዙ ከዚፑ እጥፍ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ይኑርህ።

ኔትወርክ ሲቋረጥ አትደንግጥ። ፋይልዚላ ወረፋውን ስትዘጋውም ያስታውሰዋል። ከታች ፌይልድ ትራንስፈርስ የሚለው ታብ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ሁሉንም ወደ ወረፋ መልስ። ፋይሉ አስቀድሞ አለ ብሎ ሲጠይቅህ ለትልቁ ዚፕ ሪዙም ምረጥ፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ለትንንሾቹ ፋይሎች መጠኑ ከተለየ ወይም የኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነ ተካ የሚለው ይበቃል። ዚፑን ከመፍታትህ በፊት የግራውንና የቀኙን መጠን እስከ መጨረሻዋ ባይት አስተያይ። አንድ ባይት ከጎደለ አይፈታም፤ ወይም ግማሹን ፈትቶ ይቆማል፣ ያ ደግሞ ይብሳል።

ሌላ ሰው በኤፍቲፒ የሚሠራ ከሆነ ትራንስፈር ታይፕ አስኪ ላይ እንዳይሆን። አስኪ የመስመር መጨረሻ ምልክቶችን ስለሚለውጥ ዚፕም ፎቶም ያበላሻል፤ አውቶ ወይም ባይነሪ ይሁን። በኤስኤፍቲፒ ይህ ጣጣ የለም።


ናቲ_ድረገጽ፦

ዚፑ ገባ፣ መጠኑም እኩል ነው፣ ፈታሁት። ፎቶዎቹም ፒዲኤፎቹም ተከፈቱ፤ የጥያቄ ምልክቱን ገጽ ከዎርዱ መልሼ ጻፍኩት። አንድ ነገር ብቻ፦ የፎቶዎቹን ፎልደር አድራሻ ብራውዘር ላይ ስጽፍ 403 (አልተፈቀደም) ይላል። ፐርሚሽኑን (ማን እንደሚያነበውና እንደሚጽፍበት የሚወስነውን ቁጥር) 777 ላድርገው?


ጣና_ዳር፦

በፍጹም። ፎልደሩ ውስጥ የኢንዴክስ ፋይል ስለሌለና ሰርቨሩ ዝርዝር ማሳየት ስለተከለከለ ነው 403 የሚለው፤ እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው፣ ማንም የፎልደርህን ዝርዝር እንዳያይ ይከላከላል። የሚያሳስበው አንድ ፎቶ ራሱ ሲከፈት 403 ካለ ነው። ያኔ ፎልደሮች 755፣ ፋይሎች 644 መሆናቸውን እይ። ፋይልዚላ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፋይል ፐርሚሽንስ፣ ወደ ንኡስ ፎልደሮችም ይግባ የሚለውን ምረጥ። ሁለት ጊዜ አድርገው፦ አንዴ 755 ብለህ ለፎልደሮች ብቻ፣ አንዴ 644 ብለህ ለፋይሎች ብቻ። አንድ ላይ 644 ካደረግካቸው ፎልደሮቹ ይቆለፉና ድረ-ገጹ በሙሉ ይዘጋል። 777 ደግሞ ማንኛውም ተጠቃሚ እንዲጽፍበት መፍቀድ ነው፤ ብዙ ሼርድ ሆስቲንጎች ላይ 777 የሆነ የፒኤችፒ ፋይል ጭራሽ አይሠራም፤ 500 (የሰርቨር ስህተት) ይመልሳል። የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል ለብቻው 600 አድርገው፤ ገጹ ስህተት ካሳየ 640 ሞክር።

ዚፑን ከሰርቨሩ ላይ አጥፋው።